የአሰበ ተፈሪ ከተማና በሰው ቤት የተማሩ ሦስት ልጆች

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደጋው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፥ ቁልቢንና ጨለንቆን ሂርናንም ካለፈ በኋላ፥ ወደ ሚኤሶ ቈላ ከመውረዱ አስቀድሞ በተራሮች መካከል የተቀመጠች አንዲት ከተማ ያገኛል። ባላገሩ ጭሮ ይላታል፤ የዛሬው የመንግሥት ጽሑፍም እንዲሁ ይጠራታል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ግን ስሟ አሰበ ተፈሪ ነበረ፤ ይህም ስም የአልጋ ወራሹን የተፈሪ መኰንንን ስም ይዞ የወጣ ነው። የጨርጨር አውራጃ መቀመጫ፥ የቡና ነጋዴና የባላገር መገናኛ እንደ መሆኗ ስለ ገበያዋና ስለ አየሯ ብዙ ይነገራል። አንድ ነገር ግን ሳይስተዋል ቀርቷል።

ከዚህች ከተማ ታሪክ ጋራ የሦስት ሰዎች ስም ተያይዟል። አንዱ ስሙን ሰጣት፤ እርሱም ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኰንን ናቸው። ሁለተኛው ያቀኗት ሲባል ስማቸው የሚነሣው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሦስተኛው ከእርሳቸው በኋላ አውራጃውን የገዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በትውልድ አገር፥ በጠባይም፥ በዕድልም አይመሳሰሉም፤ በአንድ ነገር ግን ይተባበራሉ። ሦስቱም በልጅነታቸው ከአባቶቻቸው ቤተ ክርስቲያን ውጭ በሆኑ ክርስቲያኖች እጅ ተምረዋል፤ ሁለቱማ ጭራሹን በእነርሱ ቤት አድገዋል። የመጀመሪያው ከካቶሊክ፥ ሁለተኛው ከመስኮብ፥ ሦስተኛው ከእንግሊዝ።

የክርስቲያኖች አንድነት ሲነሣ የሊቃውንት አእምሮ ወዲያው ወደ ጉባኤ ይሄዳል፤ ስለ ኬልቄዶን፥ ስለ አንድ ባሕርይና ስለ ሁለት ባሕርይ ይከራከራል። ክርክሩ ከንቱ ነው የሚል ቢኖር አባቶች ስለ ምን ደማቸውን እንዳፈሰሱ አላወቀም። ዳሩ ግን ጌታ በመጨረሻይቱ ሌሊት አንድ እንዲሆኑ የጸለየላቸው ሰዎች ዓለም የሚያውቃቸው በመካከላቸው ባለው ፍቅር እንደ ሆነ እዚያው ቦታ ተነግሯል። ይህ ፍቅር በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ላይ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፥ የሰውን ልጅ ተቀብሎ ያስተማረን ሰው ቢመረምር ከብዙ ክርክር ይበልጥ ይማራል።

በኢትዮጵያ አንድነትን በሌላ መንገድ ለማምጣት ተሞክሮ ነበር። በ1534 ዓ.ም. ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ መጥቶ ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ጋራ ሲዋጋ በዚህ ምድር ሞተ። ያ ውለታ ነበረ፤ ሕዝቡም አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን ግን ውለታውን እንደ ዕዳ ቈጥረው ክፍያውን በሃይማኖት ፈለጉ። ዐፄ ሱስንዮስ እሺ ብለው የሮማን ሃይማኖት በዐዋጅ ቢያቆሙ አባት ከልጁ፥ ወንድም ከወንድሙ ተራረደ፤ በ1624 ዓ.ም. ራሳቸው ንጉሡ ደም መፋሰሱ ቢያሰቅቃቸው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ካህናት ዘንድ የካቶሊክ ስም ሁለት መቶ ዓመት ከጥርጣሬ ጋራ ሲነሣ ቢኖር የሚያስደንቅ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ አባ ማስያስን ከሸዋ እንዲወጡ ያስገደዱት ይህን ቁስል የሚያውቁ ንጉሥ ስለ ነበሩ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ በሐረር የሆነው ነገር በቀላል የሚታይ አይሆንም። የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት ወደ ሐረር የገቡት ከተማይቱ ገና በግብፆች እጅ ሳለች በ1873 ዓ.ም. ገደማ ነበረ። ጥቂት ቈይቶ አንድ ወጣት ፈረንሳዊ መነኩሴ ተከተላቸው፤ ስሙ እንድርያስ ዣሮሶ ነው። በ1879 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረርን ሲይዝ አገሩ ለራስ መኰንን ተሰጠ። ራስ መኰንን በተዋሕዶ ሃይማኖታቸው የጸኑ ሰው እንደ ነበሩ በቁልቢ የተከሉት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይመሰክራል። ነገር ግን ካፑቺኖቹን አላባረሩም። መነኮሳቱ በሐረር አጠገብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሲያቆሙ ረዷቸው። ከሰው መካከል የተለየ በሽተኛ ሲመጣ የትኛውን ጉባኤ ትቀበላለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ በዚያ ግቢ የገባው ሁሉ፥ ክርስቲያንም እስላምም፥ ቁስሉን የሚያጥብለት ሰው ማግኘቱ ነው ፍሬው። ራስ መኰንን አባ እንድርያስን በዚህ ሥራ ሳያውቋቸው አልቀሩም፤ ሰውዬውም በ1892 ዓ.ም. ጵጵስና ተቀበሉ።

ራስ መኰንን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለዚያ ዘመን መኰንን ከባድ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጃቸውን ተፈሪን ከውጭ አገር ቋንቋና ትምህርት ጋራ እንዲያስተዋውቁት ለካቶሊኩ ጳጳስ ሰጡ። የተሰጠው ልጅ ወራሽ ነበረ፤ ልጁን ማግኘት ነገ አገሩን ማግኘት ሊሆን ይችል ነበር። ኢየሱሳውያን በሱስንዮስ ዘመን ይህን ዕድል ቢያገኙ ምን ያደርጉበት እንደ ነበረ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አባ እንድርያስ ግን ከተማሪዎቻቸው አንዱን ኢትዮጵያዊውን ካህን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መምህር አድርገው ሰጡ። ልጁ ፈረንሳይኛ ተማረ፤ የአባቱን ሃይማኖት ግን አልተወም፤ ተው ብሎ ያስጨነቀውም አልነበረም። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው በቁልቢ ሲያርፉ ልጁ ገና ዐሥራ አራት ዓመት አልሞላውም ነበረ። በካቶሊኮቹ ዘንድ ራስ መኰንን ልጃቸውን ለጳጳሱ አደራ ብለው እንደ ሞቱ ይተረካል። በአገራችን አደራ ምን ያህል ጽኑ ነገር እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም።

አባ ሳሙኤል ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ለማወቅ የካቶሊክ ምስክር መፈለግ አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ ባዘጋጁት የሕይወት ታሪካቸው ስለ መምህራቸው ዕውቀት፥ ትሕትናና ለባልንጀራ ስላላቸው ፍቅር በሙሉ ልብ መስክረዋል። ይህን የሚጽፉት የተዋሕዶ ሃይማኖት ጠባቂ ተብለው ዘውድ የደፉ ንጉሥ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። የአባ ሳሙኤል ሞትም ከዚሁ ታሪክ አይለይም። በ1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ በሐሮማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሳፍረው ሲሄዱ ጀልባዪቱ ውሃ ሞላባትና ሰጠመች። ደጃዝማች ተፈሪ ዳኑ፤ አባ ሳሙኤልና ሌሎች ሰዎች ሰጥመው ቀሩ። ካህኑ ተማሪያቸውን ለማዳን ሲታገሉ እንደ ሞቱ የካፑቺኖች ወገን ይተርካል። ነገሩ በዝርዝሩ እንዴትም ይሁን፥ መምህሩ ሞተ፥ ተማሪው ዳነ፤ የዳነውም ሰው ውለታውን ሳይረሳ ኖረ።

የሁለተኛው ልጅ ታሪክ አጭር ቢሆንም ያው ነው። ተክለ ሐዋርያት በሸዋ ተወልደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጀምረው ወደ ሐረር ወደ ራስ መኰንን ቤት መጡ፤ ገና በልጅነታቸው ከራስ ጋራ ወደ አድዋ ዘመቱ። ከድል በኋላ መስኮባዊው ሊዮንቲየፍ ወደ አገሩ ይዟቸው ሄደ። በዚያው በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአድዋን ቁስለኞች ያክሙ ስለ ነበረ፥ መስኮብ ለኢትዮጵያ ሰው ያን ጊዜ የሩቅ ወዳጅ ነበረ። ልጁ በመስኮብ መኰንን ቤት እንደ ቤት ልጅ አደጉ፤ በጴጥሮስ ከተማ በመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማሩ። የመስኮብ ቤተ ክርስቲያን ኬልቄዶንን የምትቀበል ናት፤ የኢትዮጵያ ግን አትቀበለውም። በዚያ ቤት ገበታ ላይ ግን ይህ ልዩነት የልጁን እንጀራ አልቀነሰበትም።

ሦስተኛው ልጅ ከሁለቱ ይልቅ የሚያሳዝን ነው፤ ታሪኩም የአሳዳጊዎችን ደግነት ብቻ እያሰበ ለሚደሰት ሰው እንቅፋት ይሆንበታል። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር በግርግሩ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን ተገኘ፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል ነበረ። ኰሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኰንን ወደ ህንድ ወሰደው። እርሱ ቢሞት ኰሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን ለትምህርቱ ከፈለለት። ከሁለቱ አሳዳጊዎች ስም ተዋጥቶ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በላሆር የሕክምና ትምህርት ፈጽሞ፥ በ1874 ዓ.ም. ሐኪም ሆነ።

ይህን ልጅ ያሳደጉት ሰዎች ያለ ጥርጥር ደግ ነበሩ። ዳሩ ግን ከእናቱ እቅፍ የለየው ጦር የእነርሱ ጦር ነው። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁም ደግ ሰዎች አላጡትም፤ ነገር ግን በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሰው አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ በሰው ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል ማለት አይቻልም፤ አሳዳጊም ፍቅሩ የሚፈተነው ልጁን በመያዙ ሳይሆን በመልቀቁ ነው።

ሐኪም ማርቲን ግን ተመለሱ። በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ሳሉ የአድዋን ድል ሰሙ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በራሳቸው ገንዘብ ተጕዘው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም ነበረ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያለ ዋጋ ሲያክሙ ወሬው ተሰማ። አንዲት አሮጊት ቀርበው ይህ የጠፋው የልጅ ልጄ ነው አሉ፤ ምልክቱንም በክንዱና በእግሩ ላይ ያለ ጠባሳ ነው ብለው ተናገሩ። ጠባሳው ተገኘ። ስሙ ወርቅነህ፥ የአባቱም ስም እሸቴ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ከአያቱ አፍ ሰማ። ሠላሳ ዓመት ያህል የጠፋ ልጅ በጠባሳው ታወቀ፤ የዮሴፍ ወንድሞች እንኳ ዮሴፍን ያለ ምልክት አላወቁትም።

ወርቅነህ ቻርልስ ማርቲን የሚለውን ስም ፈጽመው አልጣሉትም፤ በሁለቱም ስም ኖሩ። በመጨረሻም ወደ አገራቸው ጠቅልለው ገብተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ሆኑ፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ከመንግሥታት ማኅበር ከገባች ወዲህ ነጻ የወጡ ባሮች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ደከሙ። በጦር ተማርኮ ስሙን ያጣ ሰው፥ ስማቸውን ያጡ ሰዎችን ቢያስብ የሚገባ ነው። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጨርጨር ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ ተቀመጡ።

የታሪኩ ከባድ ፈተና እዚህ ላይ ነው። በውጭ ሰው ፍቅር ያደጉት ሰዎች ሥልጣን ሲይዙ ለሌላው ሰው ምን ሆኑ? ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ከባላገሩ የሚበዛው እስላም ነው። በ1870ዎቹ የሸዋ ጦር አገሩን በያዘ ጊዜ ባላገሩ ክርስቲያንን ያወቀው በጠመንጃ ነበረ፤ ከዚያ በኋላም በመሬት ወራሽነትና በግብር አወቀው። ለእርሱ የክርስቲያኖች አንድነት ማለት የገዦቹ መተባበር ቢመስለው ማን ይፈርድበታል? የኢቱ ሰው ግን የሰውን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግን ከማንም አልተማረም። ጉዲፈቻ የሚለው ሥርዓቱ የባዕድን ልጅ፥ የተማረከውን ጭምር፥ ከአብራክ ልጅ ሳይለይ ስምና ርስት የሚሰጥ ነው። በዚህ ነገር ላሆርና የጴጥሮስ ከተማ ለጨርጨር የሚያስተምሩት ብዙ አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት በጨርጨር ሲሾሙ ግብሩ በገንዘብ ተወስኖ ባላገሩ የሚከፍለውን አስቀድሞ እንዲያውቅ፥ ሹማምንትም ከባላገሩ ከመብላት ይልቅ በደመወዝ እንዲኖሩ ሞከሩ። አውራጃው ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ተመርጦ ነበረና፥ ሐኪም ወርቅነህም መንገድና ትምህርት ቤት እያሰቡ ያንኑ ሥራ ቀጠሉበት። የገባርነት ሥርዓት በዚህ ተፈጸመ ማለት ሐሰት ነው፤ ርስቱን ያጣው ባላገር ርስቱን አላገኘም። የባርነትንም ነገር በ1916 ዓ.ም. እና በ1923 ዓ.ም. የወጡት ዐዋጆች ወዲያው አልነቀሉትም። ነገር ግን ግብርን መወሰን ለገባሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ስንት እንደሚወሰድበት አውቆ የሚተኛ ሰውና ሳያውቅ የሚተኛ ሰው እንቅልፋቸው አንድ አይደለም። በመጽሐፍ ስለ ባልንጀራ የተጻፈው ወደ አስተዳደር ሥራ ሲገባ ብዙ ጊዜ መልኩ እንዲህ ያለ ነው፤ መዝገብ፥ ሚዛንና ደረሰኝ።

በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ወረራ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ስለ ክርስቲያን አንድነት በደስታ ብቻ መናገር የሚወደውን ሰው ዝም ያሰኛል። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ጦሩ የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚወስድ አድርጎ ሰበከ፤ መስቀል ከተሳለመ ከሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ለሆነው ሕዝብ ማለት ነው። በሐምሌ ወር አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ በ1929 ዓ.ም. ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። የሱስንዮስ ዘመን ቁስል እንደ ገና ተከፈተ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የመጡ ነበሩ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰልፈው ከተማረኩ በኋላ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ ኢጣልያኖች ገደሏቸው። አባታቸው ያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ከመቅደላ ሕፃኑን የወሰደው መንግሥት በአደባባዩ ቁመው የሚለምኑት መንግሥት ሆኖ ነበረ።

አባ እንድርያስስ? እርሳቸው ካቶሊክ ነበሩ፤ ወራሪውም ካቶሊክ ነበረ። ጦሩ ሐረር ሲገባ ሰባ ስምንት ዓመት ገደማ የሞላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ሊከበሩ ይገባቸው በነበረ፤ ነገር ግን ፈረንሳዊ ስለ ሆኑና የተሰደደው ንጉሥ ወዳጅ በመሆናቸው አልተፈለጉም። ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ተደርጎ በቦታቸው ኢጣልያዊ ጳጳስ ተተካ፤ በ1930 ዓ.ም. ከሃምሳ ዓመት በላይ ከኖሩባት ምድር ወጡ። በ1933 ዓ.ም. በቱሉዝ ከተማ ሲያርፉ ንጉሡ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ቀርቦ ነበረ። በኬልቄዶን የሚለዩአቸው ኢትዮጵያውያን በሐረር ሲያከብሯቸው ኖረው፥ በኬልቄዶን የሚተባበሯቸው ሰዎች ከሐረር አወጧቸው። ይህን ነገር የሃይማኖት ክርክር ብቻ አንድነትን ያቆማል ወይም ያፈርሳል የሚል ሰው እንዴት እንደሚተረጕመው ያስቸግራል።

ከሦስቱ መጀመሪያ ያረፉት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ አረፉ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ግን ከብዙ ዓመት የማዳጋስካር ስደት በኋላ ተመልሰው፥ ከአሰበ ተፈሪ በስተምሥራቅ ባለችው በሂርና በእርሻቸው ላይ ተቀመጡ። የአድዋን ጦርነት በልጅነት ዓይናቸው ያዩ፥ የመስኮብን ነገሥታት ዘመን ያወቁ፥ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው፥ በዚያች ትንሽ የጨርጨር ከተማ ሆነው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መውደቅና የመሬትን ዐዋጅ አይተው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። በመስኮብ ቤት ያደጉበትን ዘመን የሚተርከው የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ወደ ቀድሞው ስሟ ወደ ጭሮ ተመልሳ ነበረ።